በሰሜን ሸዋ ደጋ የጀማሪ ድሮን፦ አመራረጡና አበራረሩ

ድሮን ልግዛ የሚል ጀማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። «ፎር ኬ ይቀርጻል ወይ?» ይላል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ግን ከካሜራው የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ «ከስንት ሜትር ከፍታ ላይ መነሳት ይችላል?» የሚል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የመንዝ ጓሣ ከ3,200 ይጀምርና ወደ 3,700 ሜትር ይወጣል። ቆላ ላይ እንደ ልብ የሚታዘዝ ድሮን እዚህ ሲመጣ ጠባዩ ይለወጣል፤ ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ገደል ሊሰድደው ይችላል።

ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። በ2,800 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው እፍጋት ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው ያለው። ፕሮፔለር ድሮኑን የሚያነሳው አየር ወደ ታች በመግፋት ስለሆነ፣ የሚገፋው አየር ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ሞተሩ 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሽከርከር ይኖርበታል። ከባትሪው የሚስበው ኃይልም በዚያው ልክ ይጨምራል። ለምሳሌ ሳጥኑ ላይ «31 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈው የበረራ ጊዜ ነፋስ በሌለበት ተለክቶ ነው። የከፍታውን ሲቀንሱ 27 ደቂቃ ገደማ ይቀራል። ለመመለሻና ላልታሰበ ነገር የሚተወውን 30 በመቶ፣ ነፋሱና ብርዱ የሚበሉትን ደግሞ ቀንሱ፤ በእጃችሁ ያለው ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ነው። ዕቅዳችሁን በዚህ ቁጥር ሥሩ፣ የሳጥኑን ቁጥር እርሱት።

የመነሻ ከፍታው ወሰን በእያንዳንዱ ሞዴል መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ሞዴሎች ሁሉ ዲጄአይ የተባለው የቻይና ድሮን አምራች ናቸው። የዲጄአይ ኒዮ ወሰን 2,000 ሜትር ነው፤ ርካሽና ለጀማሪ የሚመች ተብሎ ቢወደስም ለደብረ ብርሃን የተሠራ አይደለም። ማቪክ ሚኒ እና ሚኒ ኤስኢ እስከ 3,000 ሜትር ይፈቀድላቸዋል፤ ለከተማው ይበቃሉ፣ ለጣርማ በርና ለጓሣ ግን አይሆኑም። ሚኒ 2፣ ሚኒ 2 ኤስኢ እና ሚኒ 4ኬ እስከ 4,000 ሜትር ይደርሳሉ። ሚኒ 3 ከመደበኛው ባትሪ ጋር 4,000 ሜትር ነው፤ «ፕላስ» የሚባለው ትልቁ ባትሪ ሲገባበት ግን ክብደቱ ስለሚጨምር ወሰኑ ወደ 3,000 ይወርዳል። ረጅም ደቂቃ አገኛለሁ ብሎ ፕላስ ባትሪ ገዝቶ መንዝ የሚወጣ ሰው ከወሰኑ በላይ እያበረረ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የነፋስ መቋቋሚያው ነው። ማቪክ ሚኒ በሰከንድ እስከ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይችላል፤ ሚኒ 2 እና ሚኒ 2 ኤስኢ ወደ 10.5 ሜትር ይጠጋሉ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ሜዳ ላይ ግን ድሮን ይዞ በመመለስና ባዶ ሪሞት ይዞ በመመለስ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ጀማሪ የእኛ ምርጫ ሚኒ 2 ኤስኢ ወይም ሚኒ 4ኬ ነው። የመጀመሪያው 2.7ኬ ይቀርጻል፣ ሁለተኛው 4ኬ፤ ለሚማር ሰው 2.7ኬ ከበቂ በላይ ነው። የተረፈውን ገንዘብ በሁለት ተጨማሪ ባትሪና በትርፍ ፕሮፔለር ላይ ማዋል ከተሻለ ካሜራ ይልቅ ይጠቅማል። በአንድ ባትሪ የሚማር ሰው በቀን የሩብ ሰዓት ልምምድ ብቻ ነው ያለው።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት፣ የሚታጠፉና «4ኬ» ተብሎ የተለጠፈባቸው መጫወቻ ድሮኖችስ? አብዛኞቹ ጂፒኤስ የላቸውም፣ ባትሪያቸው ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ የሞተራቸው ብሩሽ በጥቂት ሰዓት በረራ ያልቃል፣ የተለጠፈው «4ኬ»ም አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው። ጂፒኤስ የሌለው ድሮን የሪሞቱን ዘንግ ስትለቁት በቦታው አይቆምም፤ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሄዳል። ይህ ማለት ግን ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። በር በተዘጋበት አዳራሽ ውስጥ የእጅን ሥራ ለማስለመድ ከእነሱ የተሻለ የለም፤ ቢወድቁም የሚያሳዝን ኪሳራ አይመጣም። ውጭ ማውጣት ብቻ አይገባም።

ያገለገለ ድሮን

አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለ ነው፤ ሲገዛም የሚያየው የካሜራውን ሌንስ ነው። ከሌንሱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው የአካውንት ጉዳይ ነው። ዲጄአይ ድሮን ከባለቤቱ አካውንት ጋር ይተሳሰራል፤ ሻጩ በራሱ ስልክ ገብቶ ካላላቀቀው በእናንተ ስም አይመዘገብም። ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ ያላቅቀው፣ በእናንተ ስልክም ተከፍቶ እዩት። ድሮኑ በስልክ የሚበርበት አፕ፣ ዲጄአይ ፍላይ፣ ለአንድሮይድ ስልክ በፕሌይ ስቶር ላይ አይገኝም፤ ከአምራቹ ድረ ገጽ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ተገበያዩ።

ቀጥሎ ባትሪው። አፑ እያንዳንዱ ባትሪ ስንት ጊዜ እንደተሞላ ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ቅርጹን እመኑ፦ ባትሪው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ካልተደላደለ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ወይም ወደ ቤቱ ሲገባ ከጠበቀ አብጧል ማለት ነውና ጥሩ ዋጋ ቢባልም ተዉት። ሞተሮቹን አንድ በአንድ በጣት አሽከርክሩ፤ አራቱም እኩል ልስልስ ብለው መዞር አለባቸው። አንዱ እንደ አሸዋ ከፈጨ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የእግሮቹን መታጠፊያ በብርሃን ላይ አይታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። በመጨረሻ ሜዳ ላይ አስነስታችሁ በ2 ሜትር ከፍታ አምስት ደቂቃ አቁሙት። ጂፒኤስ ይዞ እያለ ክብ እየሠራ ከተንሳፈፈ ኮምፓሱ ወይም ሚዛን ጠባቂው ችግር አለበት። ስታስነሱት ካሜራው ዘንበል ብሎ ከቀረ ጂምባሉ፣ ካሜራውን ይዞ የሚያረጋጋው ክፍል፣ ተመትቷል፤ እሱን ማስጠገን ብዙ ጊዜ ሌላ ግማሽ ድሮን እንደ መግዛት ነው።

በፈቃድ ወደ አገር መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ድሮን ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መተው አለበት።

ፈቃድና ሰው

በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአየር ክልሉ ጉዳይ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ በሻንጣ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል። ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «አንድ ድሮን አምጣልኝ» ማለት ዘመድን ችግር ውስጥ መክተት ነው። ክብደቱ ከ250 ግራም በታች ስለሆነ አይመለከተኝም የሚሉም አሉ። የ250 ግራሙ ወሰን በአሜሪካና በአውሮፓ ሕግ የተቀመጠ ማቅለያ ነው፤ እዚህ ያድነኛል ብላችሁ አትቁጠሩበት። ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ቦታ፣ ቀንና ከፍታ አክብሩ፣ ኮፒውንም ከድሮኑ ሳጥን አትለዩት።

በዞናችን ደግሞ ከወረቀቱ እኩል የሚመዝን ሌላ ነገር አለ። ባለፉት የግጭት ዓመታት «ድሮን» የሚለው ቃል በሰው ጆሮ የጦር መሣሪያ ስም ሆኗል። ይህች 249 ግራም የማትሞላ ዕቃ የምታሰማው ጥዝታ ከታች ላለች እናት ከሌላው ተለይቶ አይታወቃትም፤ ልጆቿን ሰብስባ ወደ ቤት ትሮጣለች። ይህን ድንጋጤ በማንም ላይ ማምጣት አይገባም። የአካባቢው ጸጥታ ባልተረጋጋበት ጊዜ ፈቃድ ቢኖርም ድሮኑ ከሳጥኑ አይውጣ፤ እጅን በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በስክሪን ላይ በሚያስለምድ ፕሮግራም፣ እና በአዳራሽ ውስጥ ማፍታታት ይቻላል። በተረጋጋ ጊዜም ከዋዜማው ለቀበሌው አስተዳደርና ለፖሊስ ፈቃዱን አሳዩ። የማሳው ባለቤት፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያው ካለ አስተዳዳሪው ይወቁ። ከመነሳታችሁ በፊት በዙሪያው ላሉት ሰዎች ድሮኑን በእጃችሁ አሳዩአቸው፣ ስክሪኑንም ያዩት። ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ያወቀ ሰው አይፈራውም፣ ቢጠፋም አብሮ ይፈልግላችኋል።

ወታደራዊ ካምፕ፣ ማረሚያ ቤት፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና የመንግሥት ተቋም ባለበት አቅጣጫ ካሜራውን እንኳ አታዙሩ። በጥምቀትና በንግሥ በዓል በሕዝብ ራስ ላይ ማብረር ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንድ ፕሮፔለር ቢሰበር ድሮኑ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው። ደብረ ሊባኖስን የመሰለ ገዳም ያለ አባቶች ፈቃድ ከላይ አይታይም።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ባትሪዎች

የመለማመጃ ቦታ ከከተማ ወጣ ያለ፣ የባሕር ዛፍ የሌለበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የማያልፍበት፣ የታጨደ ማሳ ወይም ግጦሽ ይሁን። የቆመ የገብስ ማሳ ላይ አትለማመዱ። ከሆዱ ሥር ያለው ካሜራ መሬቱን እያየ ነው ድሮኑን በዝቅታ የሚያጸናው፤ ገብሱ በነፋስ ሲማታ መሬቱ የሄደ ይመስለውና ድሮኑ አብሮት ይንሸራተታል። የውኃ ላይም ችግሩ ይኸው ነው። ቆርቆሮ ቤት አጠገብ፣ መኪና ላይ፣ ፌሮ ባለበት ስሚንቶ ላይ ኮምፓስ አታስተካክሉ፣ አታስነሱም። ብረቱ የኮምፓሱን አቅጣጫ ያጣምመዋል፤ ድሮኑ ከብረቱ ራቅ ብሎ እንደ ወጣ የያዘው አቅጣጫ ስህተት መሆኑን ያውቅና ባልታሰበ ወገን ይፈተለካል።

መነሻው ላይ ሰሌን ወይም ጆንያ አንጥፋችሁ አራት ማዕዘኑን በድንጋይ ተጫኑት። ድንጋዩን የረሳ ሰው ጆንያው በፕሮፔለሩ ነፋስ ተነስቶ ድሮኑን ይገለብጥበታል። ረጅም ሣር ላይም አይሆንም፤ ፕሮፔለሩ ሣሩን ሲመታ ሞተሩ ይታነቃል።

ባትሪው ሲገባ ወዲያው አትነሱ። ድሮኑ ቢያንስ 10 ሳተላይት ይያዝ፣ መነሻ ቦታው እንደተመዘገበም አፑ ይናገር። ሳይመዘገብ ተነስቶ የሄደ ድሮን የመመለሻውን ቁልፍ ስትጫኑ ወዴት እንደሚመለስ አያውቅም። የመመለሻ ከፍታውን በአካባቢው ካለው ረጅም ነገር በላይ አድርጉት፤ የደብረ ብርሃን አካባቢ ባሕር ዛፍ እስከ 30 ሜትር ሊሆን ስለሚችል 50 ወይም 60 ሜትር ይበቃል። የቴሌ ታወር ካለ ቦታውን ቀይሩ። እነዚህ ትንንሽ ድሮኖች ከፊታቸው ያለውን አያዩም፤ ሲመለሱ ዛፍ ቢኖር ዛፉ ውስጥ ይገባሉ።

የግራው ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ያደርጋል፣ ፊቱንም ያዞራል፤ የቀኙ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይወስዳል። በመጀመሪያው ባትሪ ከ2 እስከ 3 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ማቆም ብቻ ተለማመዱ። ከ1 ሜትር በታች አታቁሙት፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ከመሬት ተመልሶ ያወዛውዘዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው አራት ድንጋይ በ10 ሜትር ርቀት አኑራችሁ ድሮኑ ጀርባውን እንደሰጣችሁ ከድንጋይ ድንጋይ ይሂድ። ከዚያ ወደ ከባዱ ግቡ፦ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሩት። አሁን ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኗል። ጀማሪ ከሚያደርሳቸው ግጭቶች ብዙዎቹ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው፤ ድሮኑ ወደ ዛፍ እየሄደ ነው ብሎ ሲደነግጥ ራሱ ወደ ዛፉ ይገፋዋል። ሦስት ሙሉ ባትሪ በዚህ ላይ ብቻ አጥፉ። የቀሩትን ስምንት ቁጥር በመሥራት ጨርሱ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር እጃችሁ ይልመድ፦ ሲጨንቃችሁ ሁለቱንም ዘንግ ልቀቁ። ጂፒኤስ የያዘ ድሮን ይቆማል፣ ይጠብቃችኋል። የደነገጠ እጅ ዘንግ አጥብቆ ይይዛል፤ መልቀቅን ማስለመድ ይቻላል፣ አስለምዱትም።

ስታወርዱት ቀጥ አድርጋችሁ በፍጥነት አታውርዱ። ድሮን በራሱ ፕሮፔለር በተበጠበጠ አየር ውስጥ ሲወርድ የሚይዘው ያጣና ይንቀጠቀጣል፤ በስስ አየር ለማገገም የሚተርፈው ጉልበት ትንሽ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ፊት እየተራመደ ይውረድ።

ነፋስ፣ ብርድ፣ ገደል

ገበሬ በመንሽ ገብስ ሲያዘራ ገለባው ጥሩ አድርጎ የሚሄድለት ነፋስ ለጀማሪ ድሮን አይሆንም። አቧራና ገለባ የሚያነሳ ነፋስ በሰከንድ ከ5.5 እስከ 8 ሜትር ነው። መሬት ላይ ይህን ያህል ከሆነ 60 ሜትር ላይ ይብሳል። የባሕር ዛፉ ቅጠልና ቀጭን ቅርንጫፍ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ይበረራል፤ ትንንሹ ዛፍ በግንዱ ከተወዛወዘ አይበረርም። በበጋ የሚመቸው ጊዜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ መሬቱን ሲያግለው ነፋሱ ይነሳል። በክረምት በዝናብና በበረዶ መካከል የሚገኝ ግልጥ ሰማይ አያታልላችሁ፤ ድሮኑ ውኃ አይችልም።

ስትሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ከነፋሱ ጋር ተመለሱ። የተገላቢጦሹ የሚያመጣውን በሒሳብ እንየው። ድሮኑ በመደበኛ አካሄድ በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል እንበል። ነፋስ ከኋላው ሆኖ 600 ሜትር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ሲመለስ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊቱ ቢያገኘው የሚተርፈው በሰከንድ 2 ሜትር ነው፤ ያንኑ 600 ሜትር 5 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ባትሪውም በሙሉ ጉልበት እየተበላ። ይህ ሲደርስ ሁለት መላ አለ። መሬቱ የሚፈቅድ ከሆነ ዝቅ አድርጉት፣ በዝቅታ ነፋሱ ይቀንሳል። ካልበቃ ስፖርት ወደሚባለው ፈጣን አካሄድ ቀይሩ፤ ሚኒ 2 በስፖርት በሰከንድ 16 ሜትር ይደርሳል፣ ባትሪው ግን ይፈጥናል። የመመለሻውን ቁልፍ መጫን በኃይለኛ ነፋስ ውስጥ መላ አይደለም፤ መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ነፋሱ ወደሚብስበት ይወስደዋልና።

የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለባትሪ ጠላት ነው። የእነዚህ ድሮኖች ወሰን ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የደብረ ብርሃን ንጋት ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። የቀዘቀዘ ባትሪ 100 በመቶ እያሳየ ሲነሳ ቮልቴጁ ድንገት ይወርድና ድሮኑ በራሱ ማረፍ ይጀምራል። ባትሪዎቹን መኪና ውስጥ አታሳድሯቸው። ከጋቢ ሥር፣ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ተጠግተው ይምጡ። ከተነሱ በኋላ 2 ሜትር ላይ አንድ ደቂቃ አቁሙት፤ ባትሪው በራሱ ሥራ ይሞቃል። 30 በመቶ ሲደርስ ወደ እናንተ ይመለስ፣ 20 ላይ መሬት ይንካ። ከበረራ የመጣ ትኩስ ባትሪ ሳይበርድ አይሞላ፤ ከ5 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘም እንዲሁ። መብራት የሚቆራረጥበት ቤት ቻርጀሩን በስታቢላይዘር በኩል ሰኩት። ስትሞሉ አጠገቡ ሁኑ፤ በባልዲ አሸዋ ማስቀመጥም ደግ ነው። ለሳምንታት የማታበሩ ከሆነ ባትሪውን ከ40 እስከ 60 በመቶ ላይ አኑሩት። ሙሉ ሆኖ ወይም ባዶ ሆኖ የከረመ ባትሪ ያብጣል።

ወደ ጣርማ በር፣ ወደ አንኮበር ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ አፋፍ ለመሄድ ቢያንስ ሃያ ባትሪ ሜዳ ላይ ይለቅ። ገደል ሌላ ትምህርት ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ከፍታ ከተነሳችሁበት ነጥብ የተለካ ነው፤ ድሮኑ አፋፉን አልፎ «20 ሜትር» ሲያሳይ ከሥሩ ብዙ መቶ ሜትር ባዶ አየር አለ። የሆዱ ካሜራ መሬቱን ስለማያገኘው የሚያጸናው ጂፒኤስ ብቻ ይሆናል፤ መንሳፈፉ ቢጨምር አትደንግጡ። ከአፋፉ በታች ከወረደ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በሪሞቱና በድሮኑ መካከል ድንጋይ ሲገባ ምልክቱ ይቋረጣል፤ ሲቋረጥም ድሮኑ ወደ ተመደበለት ከፍታ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከግድግዳው ተጠግቶ ወይም ወጣ ካለ ዓለት ሥር ከነበረ እዚያው ይላተማል። ባይላተምም 100 ሜትር ከታች የነበረ ድሮን 60 ሜትር የመመለሻ ከፍታ ካለው 160 ሜትር መውጣት አለበት፤ ሚኒ 2 በመደበኛ አካሄድ በሰከንድ 3 ሜትር ስለሚወጣ ይህ አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ደንቡ አጭር ነው፦ ከተነሳችሁበት በታች አትውረዱ።

ረፋድ ላይ የቆላው አየር ሞቆ ገደሉን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። አፋፉ ላይ ድሮኑን ያነሳዋል፤ ከአፋፉ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ደግሞ አየሩ ተጠምዝዞ ይገለባበጣል፣ ለማረፍ ሲሞከር የሚመታውም እዚያ ነው። ከአፋፉ ራቅ ብላችሁ፣ ወለል ያለ ቦታ ላይ ተነሱና እረፉ። ይኸው አየር ጉም ይዞ ይመጣል። ከሸለቆው ጉም መነሳት ሲጀምር ጥሩ ሥዕል ይመስላል፣ ነውም፤ ግን በደቂቃዎች ውስጥ እናንተንና ድሮኑን ይለያያችኋል። ጉሙ መንገድ ሲጀምር ድሮኑ ወደ ቤቱ። የአካባቢውን ካርታም ከቤት ሳትወጡ አፑ ላይ ጫኑት፤ አፋፍ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ባዶ ስክሪን ከማየት ያድናል።

በገደል አጠገብ የሚሰማራ የመንዝ በግ መንጋ ላይ በፍጹም አታብርሩ። መንጋ ሲደነግጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሮጠው፣ አቅጣጫውንም እናንተ አትመርጡለትም። ጓሣ ላይ ያሉት ጭላዳዎችና ቀይ ቀበሮዎችም ሰላማቸው ይጠበቅ፤ ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነውና ከጠባቂዎቹ ጋር ሳይነጋገሩ ሪሞት እንኳ አይከፈትም። ጭልፊትና አሞራ ድሮኑን መክበብ ከጀመሩ አትውረዱ። ወፎች የሚመቱት ከላይ ወርደው ነው። ከፍ እያላችሁ ከቦታው ራቁ፣ ሲተዉት ዞራችሁ አሳርፉት፣ የዚያን ቀን በረራም በዚያ ይብቃ።

ሲወድቅ

ድሮኑ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በትንሽ ተለጣፊ ጽፋችሁ ለጥፉ። ሲጠፋ አፑ የመጨረሻውን ቦታ በካርታ ያሳያል፤ የቪዲዮው የመጨረሻ ሰከንዶችም ስልኩ ውስጥ ስለሚቀመጡ ከየትኛው ዛፍ ወይም ድንጋይ አጠገብ እንደ ወረደ ይነግሯችኋል። እረኞች አካባቢውን ከማንም በላይ ያውቃሉና ቪዲዮውን አሳዩአቸው። ገደል ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን ሰው አትላኩ። ድሮን ይተካል።

የወደቀውን ስታገኙ ወዲያው አታስነሱ። ባትሪውን አውጡ፤ ከተጎዳ ወይም ከሞቀ ከቤትና ከሣር ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት። ፕሮፔለሮቹን በጥፍር ዳሷቸው፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካለ ሁለቱም የዚያ ሞተር ክንፎች አብረው ይለወጡ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ሚዛኑ ይዛባል፣ ቪዲዮውም እንደ ጄሊ ይወዛወዛል። ስትቀይሩ ምልክቱን እዩ። ሁለቱ ሞተሮች ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ይዞራሉ፣ ፕሮፔለሮቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። የተቀያየረበት ድሮን ሲነሳ እዚያው ይገለበጣል። ብሎኑን አብሮ በመጣው መፍቻ እጃችሁ እስኪቆም ብቻ አጥብቁ፤ ከልክ ካለፈ ጥርሱ ይበላል።

ከዚያ ሰሌኑ ላይ አስነስታችሁ በ2 ሜትር ከፍታ ሦስት ደቂቃ አቁሙትና አሳርፉ። አራቱንም ሞተር በጣት ንኩ። እኩል ለብ ያሉ ከሆነ ደኅና ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ የሞተሩ ዘንግ ጎብጦ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ሞተር ሳታስቀይሩ ድሮኑን ወደ አፋፍ አትውሰዱ።